አያ ሣህሉ ያልረሱት ክዳን

በ1961 ዓ.ም.፣ እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ በደብረ ማርቆስ አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ የተወዳጀኋቸው መካኒኩ አያ ሣህሉ ሰሞኑን ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ልጃቸው መጥታ በሬን መታች፤ ገና ሳትናገር ከአመታቷ ዐወቅሁ። በማግስቱ ከአማኑኤልም፣ ከይጁቤም፣ ከደምበጫም ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ ቀበርናቸው። ሕመሙ አላንገላታቸውም። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለጓደኛው «ክዳን የለሹ ሣህሉ እኮ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያችን የቤንዚን ክዳን ባይረሷት ኖሮ የእጅጉ የልጅ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነበር» አለው። ጓደኛውም ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። የሰው አስከሬን ከተቀበረ ገና አንድ ቀን ሳይሞላው ድንኳን ውስጥ አልጣላም። ግን በዚህ ዕድሜዬ የቀረኝ ጉልበት ቢኖር እምቢ ማለት ብቻ ነው፤ እምቢ ብያለሁ።

አያ ሣህሉ ክዳኑን አልረሱም። ለአርባቸው ለሚሰበሰበው ሁሉ ይነበብ ብዬ ይህን የጻፍሁት ስለዚህ ነው። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልዘልቅ ያቆምሁ ገበሬ ነኝ። ያማረ ቃል ከእኔ አትጠብቁ። ያየሁትን አላስቀርም፣ ያላየሁትንም አልጨምርም።

እሳቸውን የማታውቁ ልጆች ስላላችሁ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበሩ ልንገራችሁ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጆሮ ትልቅ ሰው ነበሩ። ከገበያው በታች በነበረችው የቆርቆሮ ጋራዣቸው የማይገባ ነገር አልነበረም። የጭነት መኪናም፣ የእህል ወፍጮም፣ የስፌት መኪናም ይገባል። አንድ ጊዜማ የደብር ደወል ምላስ ይዘው ሲሠሩ አይቻለሁ። ሞተር ሲሠሩ ያናግሯታል። «እሺ እመቤት፣ ምን ከፋሽ? ማን አስቀየመሽ?» ይላሉ። ሰው ሲስቅባቸው «ሳይጠይቅ የሚፈታ መካኒክ፣ ሳያናዝዝ ንስሐ የሚሰጥ ቄስ ነው» ይሉ ነበር።

እኔና እሳቸው የተዋወቅነው በጠብ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያውን ሣር የማጨድ ሥራ ከአባቴ ጀምሮ የእኛ ነበር። የአጫጅ አለቃ ነበርሁ፤ ወንዶቹን በረድፍ አሰልፌ፣ ዜማ አውራጁ እያዜመ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማጭድ እንላጨው ነበር። ኋላ አንዲት መኪና ከአዲስ አበባ መጣች። ላይዋ ተቀምጠው የሚነዷት፣ ከሆዷ ስር ቢላዋ የሚሽከረከርባት የሣር ማጨጃ ናት። የምትነዳውም የምትጠገነውም በአያ ሣህሉ እጅ ሆነ። በእኔ ሣር ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጠው ሲሄዱ ማየት ምን ያህል እንዳንገበገበኝ እኔ ዐውቃለሁ።

«ደመቀ!» ይሉኛል ከወንበራቸው ላይ። «ወገብህ እንዴት ዋለ?»

«የእኔ ወገብ ደህና ነው። እርስዎ መቀመጫዎ እንዴት ዋለ?»

«አንተ ሰው፣ ተቀምጦ የሚታጨድበት ዘመን መጣ። ማጭድህን ግድግዳ ላይ ስቀላት።»

«የእኔ ማጭድ ጠዋት ጠዋት አስነሡኝ፣ ግፉኝ፣ ጎትቱኝ አትልም» እላቸዋለሁ።

በዚህ ይስቃሉ። እውነት ስለነበረ ይስቃሉ። መኪናይቱ ቅንጦተኛ ነበረች፤ በብርድ አትነሣም፣ በጤዛ አትነሣም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት አትነሣም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልሂድ።

መስቀል ካለፈ ብዙ አልቆየም። ክረምቱ አልወጣ ብሎ ሰንብቶ ነበር፤ የዓባይ በረሃ መንገድ ተደርምሶ መኪና ከወዲያ ወዲህ አይሻገርም። የማረፊያው መሬት ደርቋል፣ ሣሩ ግን ከጉልበት በላይ ሆኗል። ክረምቱን ሙሉ አውሮፕላን ስላላረፈ ማንም አልነካውም።

የማረፊያው ዘበኛ አያ እጅጉ የሚባሉ፣ ጾመኛ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታባቸው አንዲት ልጅ ቀርታቸዋለች፤ ጥሩወርቅ ትባላለች። ጥሩወርቅ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ምጥ ጠናባት። ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሙ አያትና «ልጁ ተጋድሟል፤ እዚህ ልሠራላት የምችለው የለም። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ካልገባች ሁለቱም ይሞታሉ» አለ። በመንገድ እንዳትሄድ መንገድ የለም። የማረፊያው ሹም በሬዲዮ ተነጋግሮ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውሮፕላን ጠዋት እንዲያርፍና ይዟት እንዲመለስ ተስማሙ። አብራሪው ግን አንድ ቃል ተናገረ፤ ሣሩ ካልታጨደ አላርፍም አለ። ረዥም ሣር ጉድጓድ ይደብቃል፣ ጎማም ይይዛል።

ሹሙ እንደኔው ጎረምሳ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተልኮ የመጣ። ፊቱ ዐመድ መስሎ ገና ሳይነጋ ለሁላችንም መልእክተኛ ላከ። እኔ ያገኘሁትን ያህል አጫጅ ይዤ መጣሁ። ጤፍ የሚታረምበት ሰሞን ስለነበር ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው፤ ጥቂት ነበርን። ከምሥራቁ ጫፍ ገባንበት። አያ ሣህሉም በብስክሌት መጥተው፣ መኪናይቱ ክረምቱን ከከረመችበት የቆርቆሮ ዳስ ስር ገቡ።

ቁልፉን አዞሩ፤ ዝም አለች። ባትሪው ሞቷል። ገመዱን ጠቅልለው ጎተቱ። አንድ ጊዜ አሳላትና ተወችው። ደጋግመው ጎተቱ፣ ማሳል ብቻ ሆነ።

«ደመቀ፣ ና ያዝልኝ!» አሉ። እኔ ማጭዴን ጥዬ መሄድ አልፈለግሁም፤ ግን ሄድሁ።

መጀመሪያ የቤንዚኑን ጋን አዩ። ክዳኑ ጠብቆ ኖሮ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የፈቱት። ይህን ያዙልኝ፤ ጠብቆ ነበር። ከዚያ አንገቴን ይዘው ወደ ጋኑ ዘንበል አደረጉኝ። «እይ፤ እንባ መስሏል። ቤንዚኑስ ጤነኛ ነው» አሉ። አየሁ። እስከ ወለሉ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አንዲት ጉድፍ የለበትም። ክዳኑን መልሰው ገጠሙ።

ቀጥለው ካንዴላውን ፈቱት። እሳት የምትፈነጥቀው ዕቃ ናት። ጠቁራለች፣ ጫፏ ተበልቷል። ከብረቱ አስጠግተው እኔ ገመዱን ስጎትት ብልጭታ ጠበቁ፤ ምንም የለም። «ሞታለች። ጋራዥ አዲስ አለኝ፤ ደርሼ እመጣለሁ» ብለው በብስክሌታቸው ቁልቁል ወረዱ። እኔ ወደ ረድፌ ተመለስሁ።

እሳቸው ሄደው እስኪመለሱ ነው ነገሩ የሆነው። አያ እጅጉ ከሆስፒታል መጡ። በእጃቸው ቅል ይዘዋል፤ ከማርያም ያመጡት ጸበል ነው። ለልጃቸው ሊያጠጧት ወስደውት ሐኪሙ ምንም እንዳትቀምስ ስላለ መልሰውት ነው የመጡት። «መኪናይቱ ተነሣች?» ብለው ጮኹብኝ ከሩቅ። «እምቢ ብላለች አያ» አልኋቸው። ወደ ዳሱ ገቡ። ሲያማትቡ አየሁ። እንደማንኛውም ሰው ከላይ ይረጯታል ብዬ ወደ ማጭዴ አጎነበስሁ። አዲስ ቤትም፣ በሬም፣ የዘር እህልም ጸበል ይረጫል፤ ሞተርስ ምን ይለየዋል?

አያ ሣህሉ ላባቸው እየተንጠባጠበ ደረሱ። አዲሱን ካንዴላ አስጠግተው ሲሞክሩት ብልጭታው ሰማያዊ ሆኖ ዘለለ። «ተገኘሽ እመቤት!» አሉና ገጥመው ጎተቱ። አልተነሣችም። ጎተቱ። ይባስ ብላ ማሳሉንም ተወች።

«እሳት አለ፣ ቤንዚን አለ። ታዲያ ምን ጎደለሽ?» አሉ። ቀጥለው እሳቱ በእርጥበት የሚጠፋ መሰላቸው። «እሳቱን የሚሰጣት ማግኔቷ ነው፤ ክረምቱ አርጥቧታል» ብለው ካቻቢቴ አነሡ፣ የጎኗን ሽፋን ፈቱ፣ ብሎኑን ሁሉ ባርኔጣቸው ውስጥ ደረደሩ። እኔ በየመሀሉ ቀና እያልሁ አያቸዋለሁ። መገነጣጠሉ አላለቀም። እንደተገነጣጠለች ሳለ ድምፅ መጣ።

አውሮፕላኑ ነው። ዝቅ ብሎ በላያችን ዞረ። አያ እጅጉ ነጠላቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው እያውለበለቡ ሜዳው መሀል ሮጡ። ምን ሊያደርጉለት ነው? እኛ የላጨነው የሜዳውን ጥግ ነው። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ደግሞ ዞረና ወደ ባሕር ዳር መንገዱን ቀጠለ። አያ እጅጉ ነጠላቸውን እንደያዙ ከሣሩ መሀል ቆመው ቀሩ።

ሹሙ ከሬዲዮ ቤቱ እየሮጠ መጣ። «ከባሕር ዳር ሲመለስ በድጋሚ ያየናል። ያኔም ካልታጨደ ቀጥታ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው። ሌላ የለም!» አለ።

እኔ በዚያ ሰዓት አፌ አላረፈም። «አያ ሣህሉ፣ ይተዋት! ይምጡና ማጭድ ይያዙ! እስከ አሁን የፈቱትን ያህል ቢያጭዱ ግማሹ ባለቀ!» አልሁ። ስድብ ነበር። አልተቆጡም። መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እውነትህን ነው። በከንቱ ፈታኋት፤ ማግኔቷ ደረቅ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ደመቀ፣ መካኒክን የምትገድለው ቃል የትኛዋ ናት? ‹አይቸዋለሁ› የምትለው ናት። ጠዋት ያየሁትን ሁሉ እንዳላየሁት ልቁጠረው» ብለው ተነሡ።

ከጋኑ ስር ቤንዚን የሚጠልልባት ትንሽ ብርጭቆ አለች። በጣታቸው ፈቷት፣ ወደ ፀሐይ አነሧት። ሁላችንም አየን። ከላይ ትንሽ ቤንዚን ተንሳፍፏል፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ነው፣ እንደ ዓይን ብሌን ክብ ክብ እየሠራ የሚንከባለል። ውሃ ነው። ቤንዚን ከላይ፣ ውሃ ከታች ነው የሚተኛ። ሞተሯ የሚደርሳት ከታች ያለው ነው።

«ምንድን ነው?» አለ ሹሙ።

«ውሃ።»

«ውሃ ከየት መጣ?»

አያ ሣህሉ ለመመለስ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ቀና ሲሉ አያ እጅጉ ከሹሙ ትከሻ በስተኋላ ቆመዋል። ቅሉ በእጃቸው ነው፤ አፉ ወደ ታች ተዘቅዝቋል፣ ባዶ ነው። ሽማግሌው ብርጭቆዋን ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። እኔም አየሁ። አያ ሣህሉም አዩ። ሹሙ ብቻ ጀርባውን ስለሰጣቸው አላየም።

«ክዳኗን ነው» አሉ አያ ሣህሉ። «ክረምቱ ሲገባ ሳልከድናት ትቻት ኖሯል። የቆርቆሮው ፍሳሽ ሲገባባት ከረመ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሹሙ ፊቱ ቀላ። «አንተ ሰውዬ! የሰው ነፍስ በእጅህ ላይ ሆኖ ክዳን ትረሳለህ? ለዚህ ነው የምንቀጥርህ?» አለ፤ ሌላም ብዙ አለ። አጫጆቹ ሁሉ ሰሙ፤ ከአጥሩ ወዲያ የቆመው ሕዝብም ሰማ። አያ ሣህሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነዎት ጌታዬ። አሁን ቤንዚን ከመኪናዎ ይስጡኝ» ብቻ አሉ።

የጋኑን ቤንዚን በሙሉ በቆርቆሮ ቀዱት። አንዱ አጫጅ «እዚሁ ልድፋው» ብሎ ቢያነሣው እጁን ያዙት። «እዚህ አይደፋም። እግር ይረግጠዋል» አሉ። አጫጁ ምን እንደሆነ አልገባውም። እኔ ገባኝ። ጸበልን እንጂ የዝናብ ውሃን እግር ይረግጠዋል ብሎ የሚሳሳ ሰው አለ?

ከሹሙ መኪና በጎማ ቱቦ ቤንዚን በአፋቸው ሳቡ፤ አንድ ጉንጭ ጎረሱና ተፉት። «ቁርሴን በላሁ» ብለው አሳቁን፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቅን። ካርቡራተሩን አወረዱ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ነፉት። ካንዴላዋን በክብሪት አደረቁ። መልሰው ገጠሙ። ገመዱን ለእኔ ሰጡኝና «በአንተ እጅ ትነሣ። ቂም ይዛብህ እንደሆነ እንይ» አሉ።

ጎተትሁ። አስነጠሳት፣ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ነጎደች። ከአጥሩ ወዲያ እልልታ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሥራ ዳግመኛ አላየሁም። እሳቸው ከምዕራቡ ጫፍ፣ እኛ ከምሥራቁ። ረዥሙ ሣር ቢላዋውን ሲያንቀው ወርደው በእጃቸው ይመነጭቁታል፣ ተመልሰው ይወጣሉ። የከተማው ሰው ማጭድ ያለው በማጭድ፣ የሌለው የታጨደውን በክንዱ እያቀፈ ከሜዳው ያወጣል። መነኩሲቶች ሳይቀሩ ሣር ተሸክመዋል። ዜማ አውራጁ ድምፁ ተዘግቶ በእጁ ብቻ ያጨበጭብ ነበር። መኪናይቱና ረድፋችን መሀል ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ እኔና አያ ሣህሉ ለመሳደብ እንኳ ትንፋሽ አልነበረንም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አውሮፕላኑ መጣ፣ ዞረ፣ አረፈ። ጥሩወርቅን በቃሬዛ አመጧት፤ ፊቷ እንደ ሻማ ነጥቷል። አያ እጅጉ እስከ በሩ ሸኟት፤ ከአንድ አስታማሚ በላይ አይሳፈርም ስለተባለ ባሏ ተሳፈረ፣ እሳቸው ቀሩ።

አውሮፕላኑ ከዓይን ሲጠፋ አያ እጅጉ ወደ አያ ሣህሉ መጡ። እኔ አጠገባቸው ማጭዴን እጠርግ ነበር።

«ሣህሉ ልጄ፣ ያ ውሃ…» አሉ።

«የዝናብ ነው አያ እጅጉ» አሉ አያ ሣህሉ ቶሎ ብለው። «የእርስዎ ጸበል ጥቂት ጠብታ ናት። እሷማ ባትኖር መች ትነሣልን ነበር? ይሂዱና ይረፉ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም።»

ሽማግሌው አዩዋቸው። ብዙ አዩዋቸው። ከዚያ እጃቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አያ ሣህሉ ከልክለው እሳቸው የሽማግሌውን ጉልበት ሳሙ።

ወደ ከተማ ስንመለስ ያችን ቆርቆሮ ከብስክሌታቸው ኋላ አስረው ይገፋሉ። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ እግር ከማይደርስበት ከእሾህ ቁጥቋጦ ስር፣ አፈሩን ጫር ጫር አድርገው ደፉት። እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«አያ ሣህሉ፣ ክዳኑ ጠብቆ ነበር። ጋኑም ጥርት ያለ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አይተሃል። እኔም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ስለ ምን ይዋሻሉ?»

ብስክሌታቸውን አቆሙ። «ስማ ደመቀ። ልጅቱ ብትሞት፣ ወይም ልጇ ቢሞት፣ ያ ሽማግሌ ‹በእጄ ነው የገደልኋት፤ በእምነቴ ነው የገደልኋት› ብሎ ይኖራል? አይኖርም። የእኔ ሚስት ደህና ናት፣ ልጆቼ ደህና ናቸው። ትከሻዬ ባዶ ነው፤ ልያዝለት። ጸበል ለሰው ነው፣ ቤንዚን ለሞተር ነው፤ ቦታው ተሳሳተ እንጂ ልቡ አልተሳሳተም። እኔና እሱ በሕይወት ሳለን ይህ ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ፤ በማርያም ስም!»

በማርያም ስም ማልሁ። አልወጣም።

ጥሩወርቅ ዳነች። ልጁ ግን አልተረፈም፤ ሐኪሞቹ የጠዋቱን አውሮፕላን ብትይዝ ይደረስለት ነበር አሉ ተባለ። ይህ ወሬ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የሕዝቡ ጣት ወደ አንድ ሰው ዞረ። «ክዳን የለሹ» የሚለው ስም ያኔ ወጣላቸው። ማረፊያው ሥራውን ለሌላ መካኒክ ሰጠ። ሹፌሮች «ክዳኑን ገጥመዋል አይደል?» ሳይሉ ከጋራዣቸው አይወጡም ነበር። አንድ ጊዜ ይጁቤ ገበያ የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ወፍጮ ተበላሽቶ አብረን ሄድን። እስኪመሽ ደክመው አስነሡላት፤ ከወረፋው መሀል አንዱ ባለ እህል «እናቴ፣ ሰውዬው ሳይሄዱ ክዳኑን እይ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ሣህሉም አብረው ሳቁ። እኔ ግን ዱላዬን ጨብጬ ተነሣሁ። እሳቸው ክንዴን ይዘው «ተቀመጥ። የሳቀ ሰው አልሞተም» አሉኝ።

አያ እጅጉ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ጥሩወርቅ ሌሎች ልጆች ወልዳላቸው አቅፈው፣ ስመው፣ በሽምግልና ሞቱ። የሞቱ ዕለት አያ ሣህሉ ከአስከሬናቸው ራስጌ ቆመው ሲያለቅሱ፣ ሰው የጸጸት ለቅሶ መሰለው።

አሁን ሁለቱም አልፈዋል፤ መሐላዬ ተፈታ። ቢሆንም ከመጻፌ በፊት ወደ ጥሩወርቅ ሄድሁ። ዛሬ እሷም አሮጊት ናት። ሁሉን ነገርኋት፤ ስለ ቅሉ፣ ስለ ብርጭቆዋ፣ ስለ ክዳኑ። ትከፋብኛለች፣ የአባቴን ስም አታንሣ ትላለች ብዬ ነበር።

«አባቴ ያውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምን?»

«‹የዝናብ ውሃ ቢሆን ሣህሉ ለምን የሚደፋበት ቦታ መረጠለት?› አለኝ ሊሞት ሲል። ‹የገባኝ ያኔውኑ ነው፤ እንደገባኝ ካወቀ ግን ሸክሜን ሊያነሣልኝ የደከመው ድካም ከንቱ ይሆንበታል ብዬ ዝም አልሁ› አለኝ። ጋሽ ደመቀ፣ ጻፈው። ሳትቀንስ ጻፈው። አባቴ ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ በማርያም ዕለት ጧፍ ያበራ የነበረው ለማን ይመስልሃል?»

እንግዲህ ጻፍሁት። እናንተም ድንኳን ውስጥ የተቀመጣችሁ፣ ክዳን የለሹ ያላችሁ ሁሉ፣ ስማቸውን መልሱላቸው። ሌላ ካሳ አልጠይቅም።

አያ ሣህሉ፣ ወንድሜ። መሐላውን አፈረስህ ብለው እንዳይቆጡኝ። እስከ ቃልዎ ልክ ጠብቄያለሁ፤ ከዚያ በላይ እምቢ አልሁ። ለእርስዎ ትከሻ ያልከበደው ለእኔ ምላስ ከብዶኛል። በሕይወትዎ ሳሉ አንድ ቀን እንኳ በእርስዎ ፊት ጎበዝ ነዎት አላልሁም፤ ተሰዳድበን እንጂ ተመሰጋግነን አናውቅም። አሁን ልበለው። ከእኔ ጋር ከኖሩ ሰዎች ሁሉ ሸክም የሚችል ሰው እርስዎን አይቻለሁ። አፈሩ ይቅለልዎ፤ እግዚአብሔር በቀኙ ያቁምዎ።

የሰው ምላስ ሲከፋብኝ የማስበው ያን ዕለት አይደለም፤ ማግስቱን ነው። ወሬው በስልክ የደረሰ ጠዋት፣ እናቲቱ ድና ልጁ ማለፉ በተሰማ ጊዜ፣ ከቤትዎ አይወጡም ብዬ ላጽናናዎት ወደ ደጅዎ መጣሁ። አላገኘሁዎትም። ድምፅ ሰምቼ ወደ ማረፊያው ወጣሁ። ሕዝቡ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ በጣቱ ያሳይዎታል፤ እርስዎ መኪናይቱ ላይ ተቀምጠው፣ አንገትዎን ሳይደፉ፣ ሳይቸኩሉ፣ እኛ ያስቀረነውን ሣር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያጭዱ ነበር።